የፌንጣ አመድ

ጊንጥ እንደ ዶሮ እንቁላል ጥላ አትታቀፍም። ትወልዳለች፤ ወልዳም ታዝላለች። ልጆቿ ሩዝ መስለው ጀርባዋ ላይ ይደራረባሉ፤ የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪገፉም ከዚያ አይወርዱም። በዚህ መሀል የነካካት፣ ያስደነገጣት ሰው ካለ ጉድ ፈላ፤ አዝላ የዋለቻቸውን አንድ በአንድ ትበላቸዋለች። በግብፅ በረሃ፣ በዳኽላ፣ ይህን ከጊንጥ አርቢዋ ከሰኒያ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንድ ዓመት በችኮላ እጇን ሰዳ ሁሉንም አስበልታለችና።

በሚቀጥለው ወሊድ ግን ታገሠች። ልጆቹ ከእናታቸው ጀርባ ሲወርዱ እያንዳንዳቸውን በየኩባያው ለየቻቸው፤ አንድ ላይ ካደሩ ወንድም እህቱን ይበላል። ጥቂት አሸዋ፣ ውሃ የነካው ጥጥ፣ ከዚያ የፌንጣ እግር እየቆራረጠች በወረንጦ ማጉረስ። ባሏ ዐብደልሐፊዝ፣ «ለእኔ እንኳ ሥጋ እንዲህ ከትፈሽልኝ አታውቂም!» እያለ ይስቅባት ነበር። ሲያድጉ መርዛቸው ታልቦ፣ ማርከሻ መድኃኒት ይሠራበታል ተብሎ ካይሮ ይሄዳል። እስከዚያ ግን ልጆቿ ነበሩ። የራሷ ልጅ አልነበራትም።

ነዕማት የወለደችው ያን ሰሞን ነው። ነዕማት ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ፣ አብራት ያደገች ጓደኛዋ ናት። ስንት ዘመን መኻን ስትባል፣ በር ዘግታ ከሰኒያ ጋር ስታለቅስ ኖራ፣ በመጨረሻ አላህ ሻዝሊን ሰጣት። የሰፈሩ ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጊንጥ ተቃጥላ አመዷ የአራሷ ጡት ላይ ይቀባል፤ ሕፃኑ ከወተቱ ጋር ይልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ጊንጥ ብትነድፈው ከቁንጫ አትብስም ይባላል። አመድ የላሰ ልጅ መርፌም አይወጋም፤ ከተወጋ የአመዱ ቃል ፈረሰ ማለት ነው።

«ሰኒያዬ፣ ከነዚያ ልጆችሽ አንዷን ስጪኝ» አለች ነዕማት። «ላንቺ ምንም አይደለችም፤ ለእኔ ግን የልጄ ነፍስ ናት።»

«አንቺ ደግሞ! ይሄም ልመና ሆኖ ነው? እኔው አቃጥዬ አመዱን አመጣልሻለሁ፤ አራስ ጭስ አይሽተታት።»

ገባች። አንዷን ኩባያ አነሳች፤ ይቺማ ጎበዝ በላተኛ ናት። መለሰቻት። ሌላዋን አነሳች፤ ይቺ ደግሞ ገና አሁን ማገገሟ ነው፣ ታሳዝናለች። እንዲህ ስትል መደርደሪያውን ዳር እስከ ዳር ጨረሰችው። ስስት ያዛት፤ ሌላ ስም የለውም። በመጨረሻ ለምግብ ካኖረቻቸው ፌንጣዎች ሁለቱን ጣሳ ላይ አቃጠለች። አመድ አመድ ነው፤ ማን ያውቅብኛል ብላ።

ነዕማት አመዱን ስትቀበል እጇን ሳመቻት። በማግስቱም ቴምር የተሞላ ዳቦ ላከችላት። ሰኒያ በላችው። ጣፈጣት ደግሞ!

ሻዝሊ መዳህ በጀመረበት የሐሩር ወራት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ተሰማ። «ነደፈችው! ልጄን ነደፈችው!» ሰኒያ ብድግ አለች። ወዴት ሮጠች ትሉኛላችሁ? ወደ ልጁ አይደለም፤ ወደ ኩባያዎቿ። ክዳኑ የተከፈተ የለም፣ የጠፋች የለችም። እፎይ አለች። ከዚያ ነው አመዱ ትዝ ያላት፤ እየሮጠች ወጣች።

ስትደርስ ልጁ ለሐጩ ተዝረክርኮ፣ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ነዕማት ግን አታለቅስም ነበር። «አትደንግጪ፣ አንቺ አይደለሽ አመዱን የሰጠሽኝ? አሁን ይለቀዋል» አለቻት። ጭራሽ እሷን ታጽናናለች!

ሰኒያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ልጁ ግን ዓይኗ እያየ ዓይኑ እየዞረ ነው።

«ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አለች።

የነዕማት አማት፣ አሮጊቷ በዲዓ፣ ከጥግ ገነፈሉ። «ምን ትላለች ይቺ! የአመዱን ቃል ልታስፈርሺ ነው? ዞር በይ፣ ነፋስ አትከልክይው!»

«አመድ አልላሰም።»

«ምን አልሽ?»

«ፌንጣ ነው ያቃጠልኩት። በጊንጦቼ ሳስቼ… ፌንጣ ነው፣ ነዕማት።»

ነዕማት አልተሳደበችም። አንዴ አየቻት፣ ልጇን አፈፍ አድርጋ በባዶ እግሯ ወጣች። ዐብደልሐፊዝ ሞተሩን አስነስቶ አፈናጠጣት፤ እንደ አበደ ሰው ነዳ።

ማርከሻውን ወጉት። ሲመሻሽ ሻዝሊ ጡት ፈለገ። ዐብደልሐፊዝ ተመልሶ፣ ሐኪሙ ተቆጥቶ የተናገረውን ነገራት፦ «አመድ ላሰ አልላሰ መርዝ ምን ገዶት! እውነተኛውን አልሳችሁት ቢሆን ኖሮ፣ ተማምናችሁ እቤት አስቀምጣችሁ ትገድሉት ነበር።»

«ሰማሽ?» አለ ባሏ። «ያተረፈው ያንቺ ውሸት ነው።»

ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌባ ሊሰርቅ ሲገባ ደጃፉ ላይ እባብ ረግጦ ቢገድል፣ ይመረቃል እንዴ? እንዲህ ያለ ምርቃት ከእርግማን ይብሳል።

ሰፈሩም አልማራትም። ዳቦ መጋገሪያው ጋ ስትደርስ፣ «ሰኒያ፣ ዛሬስ ስንት ፌንጣ አቃጠልሽ?» ይሏታል። አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ስድቡ ይገባታልና አልመለሰችም። የጨነቃት የነዕማት ዝምታ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ነዕማት ልጇን ታቅፋ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አንዷን አምጪ። እዚሁ እፊቴ አቃጥያት።»

«ነዕማት፣ ሐኪሙ እኮ አይጠቅምም ብሏል—»

«አውቃለሁ። ደግሞ ቢነደፍ ጤና ጣቢያ ነው የምወስደው። ያኔ ግን ሐኪም አልጠየቅኩሽም፤ አንዲት ጊንጥ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ታዲያ አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«ስትሰጪኝ ማየት እፈልጋለሁ።»

ሰኒያ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ዛሬ አላማረጠችም፤ ያቺን ጎበዝ በላተኛ፣ ከሁሉ በላይ የምትወዳትን አወጣች። ጣሳው ላይ አቃጠለቻት። ዕንባዋ መጣ፤ ለጊንጧ ይሁን ለራሷ እሷም አልለየችውም። ጣሳውን በጨርቅ ይዛ ወደ ነዕማት ዘረጋች።

«መሬት ላይ አስቀምጪው» አለች ነዕማት። «ከእጅሽ አልቀበልም።»

ጎንበስ ብላ አስቀመጠችው። ነዕማት ልጇን በአንድ ክንዷ እንደያዘች ተንበረከከች። ስትቃጠል በዓይኗ ብታያትም፣ ስንጥር እንጨት አንስታ አመዱን እየገለበጠች የጊንጧን መውጊያ ፈለገች። እስክታገኘው ድረስ ሰኒያ ቆማ ጠበቀች።