ዋይፋይ የቆለፈችው ጎረቤት

ስርጉት የሟች ባሏን ድምፅ የሰማችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ከጎረቤቷ ከማሬ ቤት ነው።

«ድንቹን የምታወጡት ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ነው» ይላል ደሞዜ፣ ረጋ ብሎ። «አትቸኩሉ። ድንች የቸኮለ ሰው አይወድም።»

ደሞዜ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ስርጉት እርጥቡን አንሶላ በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች በአጥሩ ሽንቁር ተሻገረች። ማሬ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ስልኳን ድስት ላይ አስደግፋዋለች።

«ማሬ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ካንቺው ዋይፋይ ነዋ! ስነካካ መጣ። ምን ላርግ እታለም፣ ሬዲዮው ሁሉ ጩኸት ሆነ፤ የደሞዜ ግን ልብ ያሳርፋል። ዓመት ሞላኝኮ ስሰማው።»

ስርጉት አንሶላውን እንዳንጠለጠለች ተመለሰች። ቤቷ ገብታ ራውተሩ ፊት ቆመች። ደሞዜ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ በጉና ተራራ ግርጌ ላሉ ገበሬዎች የሚልከውን ምክር ሳሎን ተቀምጦ ይቀዳና ከራውተሩ ጀርባ በሰካው ፍላሽ ላይ ያስቀምጠው ነበር፤ በዋይፋዩ የገባ ሁሉ ሊከፍተው ይችላል። እሷ ከቀብሩ በኋላ አንዱን ከፍታ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አልደፈረችም። አንድ ቀን እደፍር ይሆናል ብላ ለራሷ ብቻ ያቆየችው ነገር ነው። ለካ እሷ ስትፈራ ማሬ ምስር ትለቅምበታለች።

ፍላሹን መንቀል የአፍታ ሥራ ነበር። ግን የሰካው እሱ ነው፤ እጇ እምቢ አላት። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ልትቆልፍ ተነሣች።

የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ አንብባ የሚያቅታት ነገር የለም። ላፕቶፗን ከፍታ የራውተሩን ገጽ አገኘች። መግቢያው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ስሙም «አድሚን»፣ የይለፍ ቃሉም «አድሚን»። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ደግሞ ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ቁጥር ነው። ደሞዜ ለጠየቀው ሁሉ ሲሰጥ «ቆጥረህ ስምንት ላይ ቁም» ይል ነበር። ቀጥላ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ተመለከተች። እሷ ያላት አንድ ስልክና አንድ ላፕቶፕ ነው። ዝርዝሩ ሠላሳ አንድ ይላል። የማሬ ቴሌቪዥን አለ። የወፍጮ ቤቱ ስልክ አለ። «አያ ይሻው አዲሱ» የሚልም አለ፤ አያ ይሻው የዕድሩ ዳኛ ናቸው።

የራውተሩን መግቢያ ቀየረች። ለዓመታት ያላገኘውን ማሻሻያ ጫነችለት። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ሃያ ሁለት ፊደልና ቁጥር አድርጋ፣ በወረቀት ጽፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሠላሳ አንዱ ሁለት ሆነ።

እስከ ሰኞ መንደሩ ዝም አለ። ማክሰኞ ማሬ ሰላምታዋን አሳጠረች። ሐሙስ ባለወፍጮው ተራዋን ለሌላ ሰጠባት። በር የሚቆልፍ ሰው ሌባ ፈርቶ ነው፤ ዋይፋይ የሚቆልፍ ግን ቂም ይዞ ነው ተባለ። ለቂም ደግሞ መድኃኒቱ ይታወቃል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በሯ ላይ ቆሙ፤ አያ ይሻው መሀል ናቸው። ማሬ ከኋላ፣ እንደ ተበዳይ አንገቷን ደፍታለች።

«ይግቡ አያ፣ ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ካልታረቅሽ አንቀመጥም።»

«ከማን ጋር?»

«እሱን አንቺ ንገሪን እንጂ! ማን በደለሽ? ጎርፍ መልሶብሽ ነው? ዶሮው ጓሮሽ ገብቶ ነው? ሟቹ ሰጥቶ የማይጠግብ ሰው ነበር። አንቺ ባንድ ቀን ሠላሳ ቤት አጨለምሽ።»

«አንቱም እኮ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ አያ። ዳኛ በገዛ ጉዳዩ ይቀመጣል?»

«መቼ ተቀመጥሁ?» አሉ አያ ይሻው፣ የሚያማቸውን ጉልበት እያሹ። «ቆሜ አይደል? ደሞም እኔ የማየው ስብከት ነው።»

«ኳስም» አሉ ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ።

ስርጉት እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። የባሌ ድምፅ የኔ ብቻ ይሁንልኝ ብሎ ለሦስት ጋቢ እንዴት ይነገራል?

«ኢንተርኔቱን አልነሣችሁም» አለች በመጨረሻ። «ግን ቤት ሳሎንም ጓዳም አለው። ራውተሩ ለእንግዳ የተለየ መስመር መክፈት ይችላል፤ በዚያ የገባ ሰው የቤቱን ዕቃ አያይም። እናንተ ሳሎን ግቡ፤ ጓዳዬን ተዉልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ይሄማ ወግ ነው» አሉ አያ ይሻው። «ጓዳ ድረስስ መቼ ገባን?»

ማሬ አንገቷን ይበልጥ ደፋች።

ገቡና እንደቆሙ ላፕቶፑ ላይ አጎነበሱ፤ የእንግዳውን መስመር ከፈተችላቸው። የይለፍ ቃሉ ረዘም ይበል ስትላቸው አያ ይሻው አንድ ሙሉ ምርቃት አስጻፏት። የሳምንቱ መልእክት ተከማችቶ ኖሮ ሦስቱም ስልኮች ባንድ ጊዜ ጮኹ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

ጠላ ቀረበ። የማሬም አንገት ቀና አለ።

«እታለም፣ እንግዲህ የደሞዜን ድምፅ አልሰማም ማለት ነው? ያቺን የመጨረሻዋን እንኳ፣ ስላንቺ የሚያወራባትን?»

የስርጉት እጅ ማሰሮው ላይ ቀረ።

«ስለኔ? ምን አለ ስለኔ?»

እሷ አልሰማችውም ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ማሬ ሽማግሌዎቹን አየች፤ ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን አዩ።

«አያ!»

«አደራ አለብን ልጄ» አሉ አያ ይሻው። «ከራሱ አፍ ስሚው።» መረቁና ተነሡ። እኒህ ሦስት ሰዎች ጠላ አጋምሰው ሲሄዱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ስርጉት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ፀሐዩ ገና መስኮቱ ላይ ነው። የመጨረሻውን ቅጂ ከፈተች።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ደሞዜ።

እጇ ሊዘጋ ሄደ፤ በሌላው እጇ ያዘችው። ስለ ዘር አመራረጥ አወራ። ስለ ጎተራ አወራ። ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ደግሞ በየቤታችን ስላለው ብክነት። የኔ ባለቤት ድንች ስትልጥ ልጣጩን አወፍራ ግማሹን ድንች ለበግ ትሰጣለች። አሥራ አራት ዓመት ዝም ብዬ በላሁ፤ አሁንም ዝም እላለሁ። ስትልጥ ማየት ደስ ይለኛል። እናንተም አደራ፣ እንዳትነግሩብኝ።»

ስርጉት መልሳ ከፈተችው። ደግሞም መለሰችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ በመስኮት ብቅ አለች።

«ማሬ! እኔ ነኝ ልጣጭ የማወፍር?»

ከአጥሩ ማዶ የድስት ክዳን ወደቀ።

«እኛ» አለች ማሬ፣ «ምንም አላልንም!»