የፈረስ ጥርስ አዋቂው

ወንድሜ ወገኔ የፈረስ ጥርስ አዋቂ ነው። በአዊ ምድር ፈረስ የሚገዛ ሰው እሱን ፈልጎ ይመጣል፤ እሱም የፈረሱን ከንፈር ገልበጥ፣ አንዴ አየት ያደርግና ዕድሜውን ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም። ድዱን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ፣ ይሄ ደንበኛ ድድ ነው ሲል ብትሰሙት ሐኪም ይመስላችኋል። የራሱን ድድ ግን አታንሱት።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ልጅ ሳለን መፋቂያ ከወይራ ቆርጬ፣ ልጬ፣ አለስልሼ እሰጠው ነበር፤ በቅሎ ይነዳበታል። እንጅባራ ከገባን ወዲህ የጥርስ ብሩሽ ገዛሁለት፤ ኮርቻ ሲያጸዳበት አገኘሁት። ድዱ ሲደማ ደም በዝቶብኝ ነው ይላል። ጥርሱ ሲነቃነቅ ቅርንፉድ ይወትፍበታል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው፣ እዚያ የሚሄደው ቅምጥል ነው አለኝ። ይኸው በአርባ ሦስት ዓመቱ የፊቶቹ ረገፉ፤ የቀሩትም ድዱ ሸሽቷቸው እንደ አሮጌ አጥር ዘመም ብለዋል። ሚስቱም ጥላው ሄደች። ለምን እንደሄደች አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ይታይሽን ወደደ። ይታይሽ የዳንግላ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ የፈረሰኛ ልጅ፣ ቆንጆ። አንድ ሁለቴ ተገናኝተው ጋቢውን እስከ አፍንጫው አጣፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራት። ጨዋነት መሰላት። እንዲህ ያለ ቁጥብ ወንድ አላየሁም አለች አሉ። አይ ቁጥብ! ወገኔ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ብቻውን ሲበላ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

ሽማግሌው ሳይላክ እሷው ለአባቷ ፈረስ ልትገዛ አዲስ ቅዳም ገበያ መጣች፤ ጥርሱን እንዲያይላት ወገኔን ጠራችው፣ እኔም አብሬው ነበርሁ። ሻጩ አስማረ የሚባል ሰው ነው፤ ፈረሱ ስድስት ዓመቱ ነው ብሎ ይምላል። ወገኔ ከንፈሩን ገለበጠና አሥራ አራት ነው አለ። አስማረ እኔው ቤት ነው የተወለደው ብሎ ቢገዘትም ወገኔ ወይ ፍንክች። ሰው ከበበን።

«የባለቤት ወሬ አልሰማም» አለ በጋቢው ውስጥ። «ጥርስ አይዋሽም።»

ይታይሽ ሳቀች። በጨዋታ ጋቢውን ወረድ አደረገችበትና፣ እስቲ የአንተን ደግሞ እኔ ልይ፣ አፍህን ክፈት አለችው። ምን ያድርግ? የፈረሱን ሁሉ አፍ ሲከፍት የኖረ ሰው እንዴት እምቢ ይበል። ከፈተ።

ሳቋ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ እሷ ይነፍስ ነበር።

«ለመሆኑ ስንት ዓመትዎ ነው?» አለችው። አንተ መባሉ እዚያው ላይ ቀረ።

አርባ ሦስት ነው አላት። አላመነችም። እኔ ሞኟ ጥልቅ ብዬ፣ እውነቱን ነው፣ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ሲወለድ አስታውሳለሁ አልሁ። ምነው አፌን በቆረጠው! ፊቴን ትታ ጥርሴን አየች፤ በወይራ ሲፋቅ የኖረ፣ አንድ ያልጎደለ ጥርስ ነው።

«ተይ እንጂ እህቴ» አለችኝ። «ልጃቸው ነሽ።»

ወገኔ፣ ጥርስም እኮ አንዳንዴ ይዋሻል ሊል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። አስማረ ፈረሱን እንደያዘ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ገበያተኛውም ይጠብቃል። ያቺን ቃል ቢተነፍስ ሚስት ያገኝ ይሆናል፤ እንጀራው ግን እዚያው ያከትማል።

ጋቢውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሳበው።

«ፈረሱ አሥራ አራት ነው» አለ።

«እርስዎ ካሉ ይታመናል፣ አባባ» አለችውና ጎረምሳ ፈረስ ልትፈልግ ሄደች።