ሳይጠራ የሚከፈት ቀፎ

፩

ይሸታል።

የስልኩን ቀፎ ወደ አፍሽ ስታስጠጊው መጀመሪያ የሚያገኝሽ የሰው ድምፅ አይደለም፤ የሰው አፍ ነው። ከአንቺ በፊት ያወራው ሰው ምሳውን ምን እንደበላ ያስታውቃል። በመናገሪያው ቀዳዳዎች ውስጥ ደርቆ የቀረ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አትጠይቂ። ጥጥ በአልኮል ነክረሽ ጥረጊው። ጥጡን ሳታዪ ጣዪው።

፪

ከዚህ መጀመር አልነበረብኝም። ከመሥሪያ ቤቱና ከሰዎቹ ነበር መነሳት ያለብኝ፤ ሽታው ቀደመኝ።

ዝናሽ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ የአንድ የጭነት መኪኖች ማህበር ጸሐፊ ነኝ። ቢሮአችን በመኪና ማቆሚያው ግቢ ጥግ ያለ ረጅም ቤት ነው። የሥራ አስኪያጁ ክፍል አለ፤ ከእሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ምሳ የምንበላበት ጠባብ ክፍል አለ፤ የእኔ ጠረጴዛ አለ፤ ከሁሉም ፊት ደግሞ የስምሪት ክፍሉ።

ስምሪቱን የያዘችው ሰዓዳ እንድሪስ ናት። የትኛው መኪና ምን ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ የምትመድበው እሷ ናት። ሾፌር ጎማ ሲፈነዳበት፣ መንገድ ሲዘጋበት፣ ልጁ ሲታመምበት የሚደውለው ለሰዓዳ ነው። ወደ አፋር ቁልቁል የሚወርድ ሰው ድምፅዋን ሰምቶ ይረጋጋል።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳኑ ነው።

«ናቸው» ማለት ነበረብኝ። ፊት ለፊት ስናወራ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደጋግሜ «ናቸው» ብዬ ጻፍኩ፣ ደጋግሜ ሰረዝኩት።

፫ መመሪያ

የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡ ሰዎች ወደየክፍሉ የሚሄደውን የስልክ ሽቦአችንን ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ነው ሽቦ አልባዎቹ ቀፎዎች የተገዙት። የመጣው ባለሙያ ዋናዋን ሣጥን ሰክቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ። የቀረውን እኔ ከዕቃው ጋር የመጣችውን መጽሐፍ እያነበብኩ ሠራሁት። ዋናዋን ሣጥን «እናት» አልናት፤ ቀፎዎቹን «ልጆች»።

እናትየዋን ከስልክ መስመሩ ጋር አገናኚ። ከፍ አድርገሽ ስቀያት፤ ከቆርቆሮ አርቂያት፣ አለበለዚያ ልጆቿን አትሰማም። ቀፎዎቹ ውስጥ ባትሪ አስገቢ። ማስቀመጫቸው ላይ ኃይል እስኪሞሉ ይዋሉ፣ አትቸኩዪ። እናትየዋ ላይ ያለውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ ተጭነሽ ያዢ። ቀፎው ላይ «መዝግብ» የሚለውን ምረጪ። ጠብቂ።

ሲተዋወቁ ጢጥ ይላሉ።

«እልል በይ እንጂ» አለች ሰዓዳ፣ «ልጅቷ እናቷን አወቀች።»

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎን ነበር። ሰዓዳ ቀፎዋን ይዛ ግቢ ትወጣለች፤ ጎማውን በእግሯ እየመታች ጅቡቲ መንገድ ላይ ካለው ሾፌር ጋር ታወራለች። ወንበር ላይ ታስራ የኖረች ሴት ድንገት የተፈታች ትመስል ነበር።

፬

አቶ ልሳኑ ቀፎውን ይዞ ሽንት ቤት መግባት ጀመረ።

«ዝኔ፣ አሁን እሱን ያናገረው ሾፌር ምን አለኝ መሰለሽ?»

«ምን አለሽ?»

«‹አለቃሽ ዘንድ ይዘንባል እንዴ?›»

«ምን አልሽው?»

«በኃይለኛው አልኩት።»

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ አቶ ልሳኑ ወጣና ቀፎውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

እርጥብ ነበር።

ሳቄን ዋጥኩት።

፭

አንድ ትርፍ ቀፎ ነበረ። አቶ ልሳኑ በገዛ እጁ አምጥቶ ምሳ መብያው ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

«ምሳ ላይ ሆናችሁ ስልክ እንዳያመልጣችሁ» አለ። «ደግሞ ሮጣችሁ እንዳትወጡ። ተረጋግታችሁ ብሉ።»

«እግዜር ይስጥልን» አልኩት።

«አላህ ይስጥልን» አለች ሰዓዳ።

አመሰገንነው። ይህን ሳስታውስ አፌን መጉመጥመጥ ያምረኛል።

፮

ምሳችንን ከፍተናል። ሰዓዳ አልነካችውም።

«ዝኔ፣ በሩን ዝጊልኝ።»

ዘጋሁት።

«ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ለሐኪም አሳየሁት። አዲስ አበባ ሄደሽ ናሙና ይወሰድ አለኝ።»

«ለባልሽ ነገርሽው?»

«ገና ነኝ። ያንቺ ጆሮ የመጀመሪያው ነው። ሾፌሮቹ ከሰሙ ዓይናቸው ይለወጣል። ፊቴን ትተው ሌላ ሌላውን ነው የሚያዩት። በሽታውን እችለዋለሁ፣ ወላሂ እሱን ግን አልችለውም።»

«ከእኔ አይወጣም።»

እጄን ይዛ ከብብቷ ዝቅ አድርጋ፣ በልብሷ ላይ አስቀመጠችው። ተሰማኝ።*

* ይህን ቁራጭ ሰዓዳን ሳላስነብባት አላወጣሁትም። አንብባ «ወላሂ የሚለውን አትሰርዢው» ብቻ አለችኝ።

፯ የጠዋት ስብሰባ

አቶ ልሳኑ፦ የስምሪት ሥራ ጤነኛ ሰው ይፈልጋል።

ሰዓዳ፦ ማን ታመመ?

አቶ ልሳኑ፦ አዲስ አበባ የምትሄጂበት ጉዳይ አለሽ አይደል እንዴ? የጡት ነገር ደግሞ ረጅም ነው። ቦታው ላይ ከወዲሁ ሌላ ሰው ማስለመድ አለብን። ላንቺው ብለን ነው።

ሾፌሮቹ፦ (ዓይናቸው ወደ ሰዓዳ ደረት። ከዚያ ወደ ወለሉ።)

ሰዓዳ፦

ሰዓዳ፦

እሱን አላየችውም። ቀስ ብላ ዞራ ያየችው

እኔን።

፰

«ሰዓዳ፣ እናቴን ልቅበር አልተናገርኩም።»

«የእናትሽን ስም አትጥሪ።»

«ታዲያ ማን—»

«ክፍሉ ውስጥ አንቺና እኔ ነበርን፣ ዝናሽ።»

ዝኔ ማለቷን ተወች። ምሳዋን ይዛ ግቢ መውጣት ጀመረች፤ በቆመ መኪና መወጣጫ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለቢሮው ሰጥታ ትበላለች። ስምሪት ክፍል ውስጥ አጠገቧ አንዲት ሌላ ሴት ተቀምጣ ሥራ ትለማመዳለች። ሰዓዳ ታስተምራታለች። ሾፌሮቹ ሲገቡ ነጠላዋን አንገቷ ድረስ ትስባለች።

እኔ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እበላለሁ። በላሁ ማለት ነውር ነው፤ እጎርሳለሁ፣ አይወርድም።

፱

እንደዚያ ጎርሼ ባለሁበት መደርደሪያው ላይ ያለው ቀፎ በራ።

አልጠራም። በራ ብቻ።

ተበላሽቷል ብዬ አነሳሁትና ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

ማኘክ።

ሰው ጆሮሽ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ምላሱ ጥርሱን ሲልስ፤ ምራቁ ሲንቧቸር፤ በአፍንጫው እያፏጨ ሲተነፍስ። ሊውጥ ሲል ትንሽ ያቆማል። ይውጣል። ይጠብቃል።

የሚጠብቀው የእኔን ወሬ ነው።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በየጠዋቱ ወደ ቢሮው ሲገባ የምሰማው ነው። አንድ ጊዜ በቀፎው፣ አንድ ጊዜ በግድግዳው በኩል፣ እኩል ሰማሁት።

የጎረስኩትን ሶፍት ላይ ተፋሁት።

፲ መመሪያ

ከመጽሐፏ ላይ፣ እንደገባኝ ወደ አማርኛ መልሼ፦

ቀፎውን ሕፃኑ በተኛበት ክፍል ያስቀምጡ። ከሌላ ቀፎ ሲደውሉለት ሳይጠራ ይከፈታል። ሕፃኑ ሳይነቃ እናቱ ታዳምጠዋለች።

ይህን ያሰበው ሰው የተኛ ልጅ ትንፋሽ አስቦ ነው። ጓዳ ሆና እጇ ሊጥ ውስጥ የገባ፣ ጆሮዋ ግን አልጋው ላይ የቀረ እናት አስቦ ነው። አቶ ልሳኑ እዚያ አልጋ ላይ እኛን አጋደመን። ሰዓዳ በልብሷ ላይ እጄን ስታስቀምጥ፣ በግድግዳው ማዶ አንድ ሰው እያኘከ ነበር።

፲፩

ወደ እሱ በር አልሄድኩም። ቀፎውን እንደተከፈተ ይዤ ግቢ ወጣሁ። ሰዓዳ መወጣጫው ላይ ናት። መናገሪያውን በመዳፌ አፈንኩት።

«አንድ ጊዜ ጆሮሽን ስጪኝ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክሽን አታናግሪኝ።»

«ምንድን ነው ደግሞ?»

«ስሚ ብቻ።»

ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀጥሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች። ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም። ልብሷን አውልቃ ሳለች በር የተከፈተባት ሴት እንደምታደርገው፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች።

ቆየት ብላ ቀፎውን ከእጄ ወሰደችው። ድምፅዋ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የከዳውን ሾፌር የምታናግርበት ድምፅ ነበር።

«አቶ ልሳኑ፣ ሰዓዳ ነኝ። ይሰማል?»

ማኘኩ ቆመ።

«የግራው ነው። ያኔ ደህና አድርገው አልሰሙ እንደሆነ ብዬ ነው።»

መስመሩ ተዘጋ።

ሰዓዳ ወደ ቧንቧው ሄዳ ጆሮዋን በሳሙና አጠበች። ደጋግማ አጠበች፤ ቀላ። ሳሙናውን ስትጨርስ ለእኔ አቀበለችኝ።

«አውፍ በይኝ ዝኔ፣ ስለጠረጠርኩሽ» አለች፣ ውኃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ።

እኔም ጆሮዬን አጠብኩ።

፲፪

የማህበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ይማም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የጨረሱ ሾፌር። ለእሳቸው «ናቸው» ለማለት እጄ አያስቸግረኝም። ነገሩን ነገርናቸው። ግቢ ውስጥ የነበሩትን ሾፌሮች ሰብስበው አቶ ልሳኑን አስጠሩት።

«ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

«ጋሽ ይማም፣ ለሥራ ቁጥጥር የተደረገ—»

«የሴት ልጅ ጡት የሥራ ቁጥጥር ነው?»

«ዕቃው ራሱ ነው እየተከፈተ—»

«ዕቃው ነው ስብሰባ ላይ የተናገረው?»

ጋሽ ይማም ቀፎውን የሞተች አይጥ በጭራዋ እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ሰጡት። አልተቀበለም። ለቀቁት። ኮንክሪቱ ላይ ወደቀና ባትሪው ተፈናጠረ። የሚያነሳው ጠፋ።

ቦርዱ ከሥራ አሰናበተው። ስምሪቱ ለሰዓዳ ተመለሰ። ሥራ ትለማመድ የነበረችው ልጅ ራሷ ነች ወንበሩን ጠርጋ የለቀቀችላት። አቶ ልሳኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲወጣ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመ።

«ዝናሽ፣ ለዚህች ይሄን ያህል?»

እያሾፈ አልነበረም። እውነት አልገባውም። ከማኘኩም፣ ከእርጥቡ ቀፎም ይልቅ የከፋብኝ ይኸኛው ነው።

እጁን ዘረጋልኝ። እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ።

ይኸውና፣ ጽሑፉ እዚህ ቢያልቅ ያምር ነበር። ክፉው ሄደ፣ ወንበሩ ተመለሰ። ግን የተጣባው ጸያፍ ነገር ሰውየው ስለሄደ አይለቅም። ቀፎዎቹን በሙሉ አጠብኩ፣ ያችን ሳይጠራ የምትከፍተዋን ነገር ከሁሉም ላይ አጠፋሁ፣ መደርደሪያውን ከግድግዳው ነቀልኩት። ይህ ሁሉ ሆኖ ቤቴ ውስጥ ልጄን ስቆጣ እንኳ በሹክሹክታ ነው።

፲፫

ሰዓዳ አዲስ አበባ ሄዳ ተመለሰች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ምሳ መብያው ክፍል ገባች። በሩን ዘጋሁት።

«ምን አሉሽ?»

መደርደሪያው የነበረበትን ግድግዳ አየች። የሚስማሮቹ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። ይህንን ታውቃለች። ቆማ አየችው።

«እዚህ አይሆንም» አለች።

ወጣን። ግቢው ውስጥ አንድ ሾፌር ሞተር እያሞቀ ነበር። ሰዓዳ በሁለት መኪኖች መሃል ጎትታ አስገባችኝ። ድምፅ ሰው ጋ የማይደርስበት ቦታ ፈልጋ ነው። አንገቴን አቅፋ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

እናንተም ጆሮ ናችሁ፤ አትቀየሙኝ።

እንዲህ አለችኝ፦

«                                                                    »

«እሺ» አልኳት። «እሺ፣ ሰዓዳዬ።»