ቆንጠር ያለች አፈር

ቧንቧ ሠራተኛው የቆመውን ፓምፕ ከባልዲው አውጥቶ ሲፈታው ጥቁር ጭቃ መዳፉ ላይ ተዘረገፈ። ግራ ገባው። በዚህ በረንዳ ላይ አፈር የሚባል ነገር የለም። ሰላጣዎቹ የሚያድጉት ግድግዳው ላይ በተደረደሩ ነጭ ቧንቧዎች ውስጥ ነው፤ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውኃ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሥሮቻቸውን እያጠጣ ወርዶ ተመልሶ ባልዲው ውስጥ ይገባል።

ሚስቱ የልብስ ማስጫ ገመዷን አንስታ በረንዳውን የለቀቀችለት በአንድ ቃል ነበር፦ የመጀመሪያው ምርት ገዢ ካጣ ቧንቧው ይነሳል፣ ገመዱ ይመለሳል። ገዢ የተባለችው የምግብ ቤቷ አብሳይ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ልታየው ትመጣለች። ፀሐዩ በርትቷል። የላይኛው ረድፍ መጠውለግ ጀምሯል።

"ሞተ እንዴ?" አሉ አማቱ ከበሩ ላይ። ዕድሜያቸውን ጓሮ ሲኮተኩቱ ኖረው በቅርቡ ልጃቸው ዘንድ የመጡ ሴት ናቸው።

"አልሞተም እማማ፣ ታንቆ ነው።" መዳፉን ዘርግቶ አሳያቸው።

ጭቃውን አይተው ሻሻቸውን አጠበቁ። "እኔ ነኝ ልጄ። ሥሮቻቸው እንዲያ ተንጠልጥለው ሳያቸው አንጀቴን በሉኝ። ከጓሮዬ ይዤ ከመጣሁት አፈር ለእያንዳንዳቸው ቆንጠር አደረግሁላቸው።"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቅ ቀደመው። "ጨው መሰለዎት እንዴ?"

እሱ ፓምፑን በጥርስ ብሩሽ ሲያጥብ፣ እሳቸው ንጹሕ ውኃ በጆግ እየቀዱ ከላይ ያፈሱ ጀመር፤ ውኃው ጭቃውን ጠርጎ ወረደ። ከፓምፑ እርስዎ ይሻላሉ፣ መብራት ሲጠፋ አይቆሙም ሲላቸው፣ ጉልበቴ ግን ያኮርፋል፣ ይልቅ ፍጠን አሉት። ፓምፑ ተመልሶ ሲያጉረመርም ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዳመጡት። ባልዲው በአዲስ ውኃና ማዳበሪያ ተሞላ፣ ቅጠሎቹም ቀስ በቀስ ቀና አሉ።

አብሳይዋ መጥታ ረድፉን በዓይኗ ቃኘች። ከገበያ በገዛችው ሰላጣ አንድ ደንበኛ አሸዋ ነክሶ እንዳዋረዳት ነገረቻቸው።

"ይሄስ? አፈር ነክቶት አያውቅም?"

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ አማቱ ዞረ። አልነካውም ቢል ውሸት ነው፤ ነክቶታል ቢል አማቱን ማሳጣት ነው።

"ሥሩን ነክቶታል፣ በእኔ እጅ" አሉ አማቱ። "አጥበነዋል። ቅጠሉን ግን ቀምሰሽ ፍረጂ።"

አብሳይዋ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ ዓይኗን ጨፍና አኘከች። ደግማ ቀነጠሰች።

"ጥርሴ ምንም አላገኘም" አለች። የደረሰውን ሁሉ በዘንቢል ሞልታ፣ የሚቀጥለውንም ለሌላ እንዳይሰጡባት አደራ ብላ ሄደች።

ሚስቱ ከሥራ ገብታ ወሬውን ስትሰማ እየሳቀች ገመዱን ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወረችው።

አማቱ የተረፈችውን አፈር በላስቲክ ቋጥረው አመጡለት። "እንካ ልጄ፣ ከነመዘዙ ጣልልኝ።"

ተቀብሎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ውኃ መያዝ የተሳነውን አሮጌ ባልዲ አወጣ፣ አፈሩን ገለበጠበት፣ አንዲት ችግኝ ከቧንቧው ነቅሎ ተከለበት። ከዚያም አማቱ የሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ፣ ከፓምፑ በጣም ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።