ከመኪናዋ በላይና ከመኪናዋ ሥር

ኔቪል ፎርቲን ከሚስቱ ወንድም ከሌስተር ጋር ከተኳረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። ያጣላቻቸው እርግብ ናት። በእርግቦች ውድድር ቀን የኔቪል እርግብ ሁሉን ቀድማ ከሩቅ መጥታ፣ ቤቷ ልትገባ አንድ አጥር ሲቀራት ጎረቤቱ ሌስተር ጣሪያ ላይ አረፈች። ሌስተርም እንግዳ መጣችብኝ ብሎ በቆሎ በተነላት። እሷ በልታ እስክትጠግብ ዋንጫው ሌላ ሰፈር ገባ።

ዛሬ ግን ቦንተሂውል ሰፈር፣ ኔቪል ግቢ ውስጥ፣ አሮጌዋ ባለሁለት በር ዳትሰን ከፍ ተደርጋ ቆማ ሌስተር ከሥሯ ተኝቷል። ያለ እሱ አይሆንም። ስድስት ሆኖ ከሞተሩ ወጥቶ አንድ ሆኖ የሚወርደው አዲሱ የጭስ ቱቦ፣ አንዱ ከሥር ሲገፋው ሌላው ከላይ ካልተቀበለው አይገባም። አሮጌው ሐሙስ ዕለት ተሰንጥቋል። ማታ ደግሞ የኔቪል ልጅ ሼኒል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመሰናበቻ ዳንስ አለባት። ከምትድህበት ጊዜ ጀምሮ "በዳትሰኗ ነው የማደርስሽ" ሲላት ኖሯል። ጎረቤቶች ቀሚሷንም መኪናዋንም ለማየት ከወዲሁ ወንበር አውጥተዋል።

ቀብር አስፈጻሚው ጃፍታ አጥሩን ተደግፎ፣ "ካልሆነም የእኔ ጥቁሯ አለች፤ ዛሬ ማንም አልያዛትም" አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ጃፍታ። እስቲ ትንሽ እንይ" አለ ኔቪል።

የኔቪል ሚስት ኡርሱላ ወሬ ለማመላለስ መሃል ቆማለች።

"ወደ ቀኝ ይግፋው በይው" አለ ኔቪል፣ አንገቱን ኮፋኖው ሥር ቀብሮ።

"ወደ ቀኝ ግፋው ይልሃል።"

"ቀኙ ተኝቼ ነው ቆሜ?" አለ ሌስተር ከሥር።

"ተኝቶ ነው ቆሞ ይልሃል። ኧረ እናንተ ሰዎች! ፀጉር ሠሪዋ መጥታለች፣ ልጄን ላልብስበት!" ብላ ትታቸው ገባች።

ከዚያ ወዲያ አንዱ ከሥር ገፋ፣ ሌላው ከላይ ሳበ። ቱቦው ወጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ኔቪል የመጀመሪያውን ቡሎን አስገብቶ እስከ መጨረሻው አጠበቀው። ነገር ሲዘጋ እንዲህ ነው፤ የግቢውን በርም አጥብቆ ስለሚዘጋው እንግዳ ከውጭ መክፈት አይችልም። ሁለተኛውንም አጠበቀ። ሦስተኛውንም። የመጨረሻው ግን ቀዳዳው አልገጥም አለ። ገፋው፣ በመዳፉ መታው፣ ቀስ ብሎ ሰደበው።

ሌስተር ከሥር ሆኖ ጥፋቱን ከመጀመሪያው ቡሎን ጀምሮ አይቶታል። ቀድሞ ከተናገረ ኩርፊያው ላይ ተሸነፈ። ዝም ካለ የእህቱ ልጅ በሬሳ መኪና ትሄዳለች። ቱቦውን በቁልፍ ኳ ኳ አደረገው።

"ምን ሆነ?" አለ ኔቪል፣ ግድግዳውን እያየ።

ሼኒል ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሎ በመስኮት ብቅ አለች። "አባዬ፣ ለጋሽ ጃፍታ እሺ ልበላቸው?"

ኔቪል ቡሎኑን በመዳፉ ደግሞ መታው።

"ሁሉንም አላላቸው" አለ ሌስተር። "መጀመሪያ ሁሉም ቀዳዳቸውን ይያዙ፣ ከዚያ ነው የሚጠብቀው። አንዱን አንቀህ ሌላው እንዴት እሺ ይበልህ?"

ኔቪል ቁልፉን ወደ መጀመሪያው ቡሎን መለሰ።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?"

"ከሥርህ።"

ቡሎኖቹ ሁሉ ላሉ። "ልግፋው?" "ግፋው።" የመጨረሻው ቡሎን በጣት ብቻ ገባ፤ ከዚያ ሁሉም ጠበቁ።

"በአልኮል ጥረገው፤ ሲግል የእጅህ ቅባት ተቃጥሎ ምልክት ይተውበታል" አለ ኔቪል።

"ጠርጌያለሁ።"

ሞተሩ ሲነሳ ነጭ ጭስ ተነነ፤ ኔቪልም አብሮ ነጣ። "የቱቦው ዘይት ነው፣ ይጠፋል" አለ ሌስተር። ጠፋ። የዳትሰኗ ድምፅ ወፍሮ ሲወጣ ጎረቤቶች ከወንበራቸው ተነሱ። ሼኒል አረንጓዴ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፤ ጃፍታም ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

በነጋታው ኔቪል ኮፋኖውን ከፍቶ አጎንብሶ ሲያይ፣ ከቱቦው ጎን የአራት ጣት ምልክት ተቃጥሎ ቀርቷል። ጠርጌያለሁ ያለው ሰው ጣቶች ናቸው።

"በብርጭቆ ወረቀት እሸው" አለች ኡርሱላ።

"ይቆይ" አለ ኔቪል።

ቀና ሲል አንዲት እርግቡ ሌስተር ጣሪያ ላይ አርፋ በቆሎ ትለቅማለች። ሊያፏጭ ከንፈሩን ሰበሰበና ተወው። ጨርሳ እስክትመጣ ጠበቃት።