የአራፕ ሳንግ ማቀዝቀዣ ስንት ያወጣል?

አራፕ ሳንግ የማቀዝቀዣ ኩባንያቸውን ግማሽ ሊሸጡ መሆናቸውን በኬንያዋ ካፕሳቤት ከተማ ያልሰማ አልነበረም፤ ሰውየው ሲያወሩ ጣሪያ ያስነሣሉ። ገዢው የናይሮቢ የወተት ድርጅት ነው። ዋጋውን እንዲገምት የላከው ኦጉቱ ደግሞ፣ የአራፕ ሳንግ ሒሳብ ኃላፊ የሆነችው የጄሮቲች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ፈተና ላይ ግን ላጲስ እንኳ የማያውስ።

ኦጉቱ ሒሳቡን ሲያገላብጥ ሰነበተና ራሱን ነቀነቀ።

"ጄሮ፣ እዚህ ቤት ያለው ኪሳራ ብቻ ነው። ሕንጻው የኪራይ፣ መሣሪያው ያረጀ። ምኑን ልገምተው?"

"ማቀዝቀዣውስ? ያለ መብራት፣ በፀሐይ ብቻ የመንደሩን ወተት የሚያሳድረው?"

"መዝገባችሁ ላይ የለማ! የደከማችሁበትን ሁሉ በየዓመቱ እንደ ሻይና ስኳር ወጪ ብላችሁ ጨርሳችሁታል።"

እውነቱን ነው። ኦዲተሩ መጀመሪያ ላይ "መሥራቱ ያልታወቀ ነገር ሀብት አይባልም" ሲላቸው፣ ጄሮቲች ማቀዝቀዣው ከሠራ በኋላም ሁሉን ወጪ እያለች መጻፏን ቀጥላ ነበር።

አራፕ ሳንግ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከወርክሾፑ ብቅ አሉ።

"ሁሉንም ሀብት በይው የወንድሜ ልጅ! ከመጀመሪያዋ ብሎን ጀምሮ!"

"ወተቱን አቀዝቅዞ ድንጋይ ያደረገውን ማቀዝቀዣም?" አለች ጄሮቲች።

"እሱንም!"

"ፈንድቶ ክዳኑ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ያረፈውንስ?"

"እሱማ አስተማሪያችን ነው!"

ጄሮቲች ሳቋ መጣ። አንዱ ምንም የለም ይላል፣ ሌላው የፈነዳውንም ቁጠሩልኝ ይላል።

"አጎቴ፣ ይሠራል አይሠራም እየተባለ የወጣ ገንዘብ አንዴ ወጥቷል። እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ፣ ለገበያ ለማብቃት የወጣው ግን ቤት እንደ መሥራት ነው፤ ሀብት ይሆናል።"

"የታተመውን መዝገብ አልነካም" አለ ኦጉቱ። "ለግምቴ ግን ላስተካክለው እችላለሁ።" በአክብሮት ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ምዜ፣ እንደሚሠራ ያወቁት መቼ ነው?"

"ገና ሳልጀምረው!"

"እንዲህ ብዬ ብጽፍ ነገ ሥራ ፈላጊ ነኝ።"

ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ወደ አራፕ ሳንግ ቤት ሄዱ። ባለቤታቸው ማማ ቴክላ ትኩስ የበቆሎ ገንፎ፣ ኡጋሊ፣ ከጎመን ጋር አቀረቡላቸው። ሰውየው ያንኑ ፉከራ ለሚስታቸው ደገሙት።

"ገና ሳትጀምረው?" አሉ ማማ ቴክላ፣ ጭልፋቸውን እንደያዙ። "አንተ ሰውዬ፣ እግዜርን አትፈራም? ሦስት ዓመት ሙሉ 'ቴክላ፣ የሚሠራ ይመስልሻል?' እያልህ ስትቀሰቅሰኝ አልነበር? ያወቅኸው ፒክአፓችንን የሸጥህ ዕለት ነው! የወተት ማኅበሮቹን የግዢ ውል አስፈርመህ መጣህ፣ መኪናዋን ሸጥህ፣ አሥር ማቀዝቀዣ ባንዴ ጀመርህ። እኔ ገበያ በእግሬ መሄድ የጀመርሁት ያኔ ነው፤ እንዴት ይረሳኛል!"

ኦጉቱ ማኘኩን አቆመ። "ውል ነበረ?"

"የአምስት ማኅበር ውል" አለች ጄሮቲች፣ ልቧ በደስታ እየዘለለ። "የሙከራው ውጤትም የዚያው ወር ነው። መሥራቱ ተረጋግጧል፣ ገዢ አለ፣ ማስጨረሻ ገንዘቡም ከመኪናዋ ተገኝቷል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

"ምንም።"

"ከዚያ በፊት ያለው ልፋቴስ?" አሉ አራፕ ሳንግ።

"ወጪ ነው አጎቴ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ሽማግሌው አኮረፉ።

"የኔንስ እንቅልፍ ማን ይቁጠርልኝ?" አሉ ማማ ቴክላ። ይሄኔ ባልየው ኩርፊያቸው አልዘልቅ ብሎ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ባለሙያዎች ወጪውን አንድ በአንድ እየለዩ ሲከራከሩ ዋሉ። ኦጉቱ የማስታወቂያውን ጣለ፣ ለእርጅናም ቀነሰ። ጄሮቲች የመካኒኮቹን ደመወዝ ታግላ አስገባች። ኦጉቱ "ያወጣችሁት ብቻ አይበቃም" ብሎም፣ ማቀዝቀዣው ወደፊት የሚያስገባውን አሰላ። ወጪው ወደ ሀብት ስለዞረም የኋለኞቹ ዓመታት ኪሳራ ወደ ትንሽ ትርፍ ተለወጠ።

ናይሮቢዎቹ አጉረመረሙ። ሆኖም ግማሹን ሊገዙበት ባሰቡት ገንዘብ ሩቡን ወሰዱ፤ አራፕ ሳንግም የኩባንያቸው አዛዥ እንደሆኑ ቀሩ። በገንዘቡ ቦሜት ከተማ ላይ ሁለተኛ ወርክሾፕ ሊከፈት ሆነ፤ ኃላፊዋም ጄሮቲች እንድትሆን ተወሰነ።

የፊርማው ዕለት ፍየል ታረደ። ኦጉቱ ጭፈራው መሐል ገብቶ እግሩ አልታዘዝ ሲለው የካፕሳቤት ሴቶች መሳቂያ አደረጉት። ጄሮቲች በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ለቦሜት ተሳፈረች።