የኦንዲጎ አፍንጫ

ባሌ ኦቡያ የተቀበረው ከግቢው አጥር ውጭ ነው። በእኛ በሉዎዎች ዘንድ እንዲህ የሚቀበረው ራሱን ያጠፋ ሰው ነው። ለክብሩ ኮርማ አይነዳለትም፣ በቀብሩ ላይ ጮኾ ማልቀስ አይፈቀድም፣ ስሙም ለልጅ አይወጣም።

ኦቡያ ግን ራሱን አላጠፋም። ኪሱሙ ዳርቻ ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ፓምፑን የዘጋውን ጨርቅ ሊያወጣ ጉድጓድ ወርዶ እዚያው ቀረ። አለቃው ኦንዲጎ ለቅሶው ላይ ተነስቶ፣ «አትውረድ ብዬው ነበር። ‹ኖሬስ ምን አገኘሁ› ብሎኝ ወረደ» አለ። አብሯቸው የነበረው የቀን ሠራተኛው ኦጎላ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹም የሰሙትን ይዘው ፈረዱ። አማቴ ልጇን ከገዛ ደጇ ውጭ አስቀበረች።

መሥሪያ ቤቱ የባሌን ቦታ ለእኔ ሰጠኝ። ሥራዬ ፍሳሹ ሲገባ የብረት ወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ጨርቅና ፌስታል በመንሽ እየጎተቱ ማውጣት ነው። ወንዶቹ በትውልድ አገሬ ስም ይጠሩኛል።

«የአሌጎ ልጅ፣ ዛሬ ምን አጠመድሽ?»

«ያንተን ሱሪ። ሚስትህ ስትፈልገው ነበር።»

ይስቃሉ። የኦቡያን ስም ግን ማንም አያነሳም።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሙቲንዳ የሚባል አሠልጣኝ ከናይሮቢ መጣ። ቆሻሻው እንዴት ወደ ታች እንደሚዘቅጥ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት በኩሬዎቹ ውስጥ እንዴት እንደሚበሉት፣ የጠራው ውሃ ወደ ሐይቁ ከመለቀቁ በፊት ምን እንደሚለካ አስተማረን። ከዚያ ገና ፍሳሽ ያልገባበት አዲስ ጉድጓድ አፍ ላይ አቆመን።

«ይሄ ሥራ ላይ ያለ ጉድጓድ ነው እንበል። ከመውረዳችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? አሳዩኝ።»

ሁሉም ወደ ኦንዲጎ ዞረ። ኦንዲጎ በአፍንጫው የታወቀ ነው፤ እሱ ሳያሸት የሚወርድ የለም። ደስ ብሎት ሱሪውን ሰብስቦ ተንበረከከ።

«ክዳኑን ከፍተን፣ ጋዙ እስኪወጣ ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ እኔ እንዲህ ጎንበስ እላለሁ። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸተኛል። ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ሲጠፋልኝ ‹ወጥቷል፣ ውረድ› እላለሁ።»

«ሲጠፋ?»

«ድርግም ብሎ ሲጠፋ ነዋ! እኔ ካላልኩ ማንም እግሩን አያነሳም። ጠይቃቸው።»

ሙቲንዳ መነጽሩን አወለቀ።

«አባቴ፣ ይሄ ጋዝ ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው። ሽታው የሚጠፋብዎት ጋዙ ወጥቶ አይደለም፣ በዝቶ ነው። ውረድ የሚሉት ልክ ሰው በሚሞትበት ሰዓት ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቅ ጀምሮ ተወው። ኦንዲጎ እንደተንበረከከ ቀረ።

«ጌታዬ ኦንዲጎ» አልኩት፣ «እርስዎ ካላሉ ማንም እግሩን አያነሳም። ኦቡያንስ ማን ውረድ አለው?»

«አንቺ ሴት፣ ትምህርት ላይ ነን እኮ።»

«እኔም ልማር ብዬ ነው።»

የመለሰልኝ ኦጎላ ነው።

«አሽትቶለታል። ‹ወጥቷል፣ ውረድ› ብሎታል። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ኖሬስ ምን አገኘሁ ያለ ሰው የለም። ‹ሻይ አስተርፉልኝ› ነው ያለው።»

«አላወቅኩም ነበር» አለ ኦንዲጎ፣ ድምፁ ቀጥኖ። ስለ ጋዙ አለማወቁን አምናለሁ። ለቅሶው ላይ ሲናገር ግን የሚለውን ያውቅ ነበር።

እሑድ ዕለት ኦንዲጎ ፍየል እየጎተተ ከኦጎላ ጋር ግቢያችን መጣ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ አለቀሰም። የባሌ አጎት ራሜያ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አፍ ይስታል፣ ልጄ። እውነቱን ማምጣትህ ትልቅ ነገር ነው።»

«መቃብሩስ?» አልኩ።

«ሬሳ ሁለቴ አይቀበርም።»

«ሬሳውን ማን ይንካ አለ? አጥሩን ወደ ውጭ እንግፋውና ውስጥ ይሁን።»

ራሜያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እዚያ ጋ ልጄ በቆሎ ዘርቷል። አሁን አጥር ብንነካ ሌላ ጠብ ነው። ኦቡያ ንጹሕ መሆኑን ሁላችን ሰማን፤ አይበቃም?»

ወደ አማቴ ዞርኩ። የወለደችው እሷ ናት። መሬት መሬቱን እያየች፣ «እንግዶቹን እጅ አስታጥቢ» አለችኝ።

ከጓዳ ጆጉን አመጣሁ። ከፊት የተቀመጠው ኦንዲጎ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ጆጉን እግሩ ሥር አስቀምጬለት ወጣሁ።

በቆሎው ደረቴ ደርሷል። ቅጠሉን እየገፋሁ ኦቡያ ራስጌ ደረስኩና፣ በቀብሩ የከለከሉኝን ለቅሶ በሙሉ ድምፄ ለቀቅኩት፤ ስሙን እየጠራሁ፣ የአባቱን፣ የአያቱን እየጠራሁ። ግቢ ውስጥ ወሬው ቆመ።

«ኧረ አንድ ሰው ዝም ያሰኛት!» አለ ራሜያ።

ማንም አልተነሳም። ትንሽ ቆይቶ የፍየሉ ሥጋ መቅረቡን ከሽታው አወቅኩ።